ሁለት ፎቶ አይበቃም

ሄሊኮፕተሯ የአልፕስ ተራራውን ሞንብላንን ታካ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ጊዜው ኦገስት 2019 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካሜራ ይዞ የተሳፈረው በስኮትላንድ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ኪራን ባክስተር ነው። ባክስተር የሚፈልገው ቦታ አድራሻ የለውም፤ አየር ላይ ያለ ነጥብ ነው። ልክ ከመቶ ዓመት በፊት፣ በኦገስት 1919፣ ዋልተር ሚተልሆልዘር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ አብራሪ ከድርብ ክንፍ አውሮፕላን ላይ ሆኖ የሞንብላንን ግግር በረዶዎች ፎቶ አንሥቶ ነበር። ባክስተር እነዚያኑ ግግሮች፣ ሚተልሆልዘር ከነበረበት ከዚያው ከሰማዩ ነጥብ ሆኖ ደግሞ ሊያነሣ ነው የመጣው።

አየር ላይ ችካል አይተከልም። ነጥቡን የሚጠቁሙት ተራሮቹ ናቸው። በአሮጌው ፎቶ ላይ ቅርብ ያለው ሹል ዐለት ከኋላው ያለውን ተራራ የቱ ጋ እንደሚሸፍነው ይታያል። ካሜራው ወደ ግራ ቢሄድ ሹሉ ዐለት ወደ ቀኝ የሸሸ ይመስላል፤ ከፍ ቢል ተሸፍኖ የነበረው ተራራ ከኋላ ብቅ ይላል። ቅርቡና ሩቁ በአሮጌው ፎቶ እንዳሉት ሲገጥሙ፣ ካሜራው ሁለቱን በሚያገናኘው መስመር ላይ ደርሷል ማለት ነው። ሌላ ጥንድ ጫፍ ተመርጦ ሁለተኛ መስመር ይፈለጋል፤ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ የሚተልሆልዘር ካሜራ የነበረበት ነው። በሞንብላን ሥር ያለችው የሻሞኒ ከተማ ሹል ዐለቶች ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። በረዶው ሲጎድል እነሱ ከሞላ ጎደል እንደነበሩ ናቸው።

የባክስተር ፎቶዎች በዓለም ዙሪያ ታተሙ። ግራ 1919፣ ቀኝ 2019። አርዠንቲዬር፣ ቦሶን፣ እንዲሁም «የበረዶ ባሕር» የሚባለው ሜር ደ ግላስ፣ ሦስቱም ሟሽሸዋል። በሜር ደ ግላስ አፋፍ ላይ ካለው የባቡር ጣቢያ ወርዶ በረዶውን ለመንካት በቅርብ ዓመታት ከ500 በላይ ደረጃ መውረድ ያስፈልግ ነበር። አንባቢው ግራና ቀኙን ዐይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ገጹን ይገልጣል።

እኔ ከእነዚህ ጥንድ ፎቶዎች ጋር ትንሽ ጠብ አለኝ። ሐሰት ስለሆኑ አይደለም። መጀመሪያና መጨረሻውን ብቻ ስለሚያሳዩ፣ መሐል ያለው መቶ ዓመት አንድ ወጥ ቁልቁለት ይመስላል። በዚያ ላይ ዐይን የሚያርፈው በጎደለው ላይ ነው፤ ግግሩ ለቆት የሄደውን መሬት፣ የተቆፈረውን፣ የተጋዘውንና የተከመረውን፣ ልብ የሚል የለም። መልክዐ ምድርን ለሚያጠኑ ሰዎች ግን ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። ለዚያ ደግሞ የሚያስፈልገው ከጥንድ ይልቅ ተከታታይ ፎቶ ነው።

ተከታታዩ እንዲኖር ያደረጉት ሰዎች አብዛኞቹ ስለ ግግር በረዶ ደንታ አልነበራቸውም። ሚተልሆልዘርን እንውሰድ። በ1894 በሳንክት ጋለን ተወለደ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በስዊዘርላንድ ጦር ውስጥ በፎቶ አንሺነትና በአብራሪነት ሠለጠነ፤ ከዚያ ሰላም ሲሆን ከሰማይ የሚነሣ ፎቶ ገበያ እንዳለው አወቀ። ለፖስት ካርድ፣ ለመጽሐፍ፣ ለፋብሪካ ማስታወቂያ ይሸጣል። በ1923 ወደ አርክቲክ ደሴቶቹ ስቫልባርድ የሄደው ኖርዌጂያዊው አሳሽ ሮአልድ አሙንድሰን ወደ ሰሜን ዋልታ ሊበር ነው ተብሎ እሱን ለማገዝ ነበር። አሙንድሰን በረራውን ሰረዘ። ሚተልሆልዘር ግን ከደረሰ ደረሰ፤ በደሴቶቹ ላይ በርሮ ግግሮቹን አነሣ። በ1930 መጀመሪያ ደግሞ አንድ ሀብታም ባሮን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ለአደን ሲሄድ አብራሪው እሱ ነበር፤ በዚያው አጋጣሚ ከኪሊማንጃሮ በላይ በርሮ የተራራውን ከፍተኛ ጫፍ ኪቦንና የበረዶ ግድግዳዎቹን ቀረጸ።

ወደ እኛም መጥቷል፤ በ1934፣ ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተሸጠ ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አውሮፕላን ከዙሪክ እስከ አዲስ አበባ ራሱ አብርሮ አስረክቧል። ካሜራው እንደተለመደው አብሮት ነበር፤ የጉዞውን መጽሐፍ በዚያው ዓመት አሳተመ። በ1937 በኦስትሪያ ተራራ ሲወጣ ሞተ። ከነገሥታቱ፣ ከከተሞቹና ከአንበሶቹ ጋር ተቀላቅለው የቀሩት የግግር በረዶ ፎቶዎቹ ዛሬ በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ማንም በኢንተርኔት ሊያያቸው ይችላል።

የኪሊማንጃሮው ፎቶ ዋጋው የሚታወቀው በቀኑ ነው። ከእሱ በፊት በ1912 ፍሪትዝ ክሉተና ኤድዋርድ ኦህለር የሚባሉ ጀርመኖች ተራራውን በእግር ወጥተው፣ መሬት ላይ በተተከለ ካሜራ ፎቶ እያነሡ የበረዶውን ካርታ ሠርተው ነበር። በ1912 ከነበረው በረዶ በ2011 የቀረው 15 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል የትኛው የበረዶ ግድግዳ መቼ ተሰነጠቀ፣ የትኛው መቼ ከሌላው ተነጠለ የሚለውን የሚመልሱት መሐል ላይ ያሉት ፎቶዎች ናቸው፤ የ1930ው አንዱ ነው።

ግግር በረዶ ሲባል ተራራ ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ በረዶ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዝም ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ወሬ ባላስፈለገ። ክረምት በክረምት ላይ የወደቀው አመዳይ ከክብደቱ የተነሣ ተጨፍልቆ ጠጣር በረዶ ይሆናል፤ ውፍረቱ ብዙ አሥር ሜትር ሲደርስ በራሱ ሸክም ቀስ እያለ ቁልቁል መፍሰስ ይጀምራል። ከሥሩ የቀለጠ ውኃ ካገኘ ደግሞ ይንሸራተታል። በሆዱ የያዘው ድንጋይ ከታች ያለውን ዐለት እንደ ወፍጮ መጅ ይፈጨዋል፤ ከግግር ሥር የሚወጣ ወንዝ ወተት የመሰለ ግራጫ የሚሆነው በዚህ ዱቄት ነው። መፍጨት ብቻም አይደለም። ከዐለቱ ስንጥቅ ገብቶ የቀዘቀዘ ውኃ ድንጋዩን ከግግሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ ግግሩ ሲሄድ ድንጋዩን ነቅሎ ይዞ ይሄዳል።

ተሸክሞ የመጣውን ሁሉ ጫፉና ጎኑ ላይ ይከምራል። ይህ ክምር ሞሬይን ይባላል። ግግሩ ከሸሸ በኋላ ሞሬይኑ እንደ ካብ ቆሞ ይቀራል፤ የት ድረስ መጥቶ እንደነበር ይናገራል። ከሸለቆው ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ መስመር ይታያል፤ ከመስመሩ በላይ አሮጌ ዐለት፣ ሽበት ያወጣና ሣር የያዘ፤ ከመስመሩ በታች ገና ትናንት የታጠበ የሚመስል ገርጣ ያለ ድንጋይ። መስመሩ የበረዶው የቀድሞ ቁመት ነው። እግረኛ ሰው ሞሬይኑ ላይ ቆሞ የሚያየው የድንጋይ ኮረብታ ብቻ ነው። ቅርጹ የሚገለጠው ከላይ ነው። ለዚህ ነው የመስኩ ሰዎች አውሮፕላን ከመጣ ወዲህ ከፎቶው የማይለዩት።

ይህን ሥራ በደንብ ለማየት የምመርጠው ቦታ ደቡብ ምሥራቅ አይስላንድ ነው። ከቫትናዮኩል ታላቅ የበረዶ ክዳን ወደ አትላንቲክ የሚወርድ ብሬይዳሜርኩርዮኩል የሚባል ሰፊ ግግር አለ። ከአየር ሲታይ ነጩን ገላ ሁለትና ሦስት ቦታ የሚከፍሉት ረጃጅም ጥቁር ሰንበሮች አሉበት፤ ከበረዶው መሐል ብቅ ካሉ ተራሮች የተፈረካከሰው ድንጋይ እየተጓዘ የሠራቸው ናቸው።

ከግግሩ ፊት ያለው ሜዳ ድሮ ሰው የሚኖርበት ነበር። በጥንቱ የአይስላንድ ትረካ፣ በንያል ሳጋ ውስጥ ስሙ የተጠቀሰው ብሬይዳው የሚባል እርሻ እዚያ ነበር። ከዚያ «ትንሹ የበረዶ ዘመን» የሚባለው የቅዝቃዜ ዘመን መጣ፤ ግግሩ እየገፋ ወረደ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ብሬይዳው ባዶ ቀረ፣ ብዙም ሳይቆይ በረዶው ዋጠው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የግግሩ አፍ ከባሕሩ ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ቢቀጥል ኖሮ በዚያች ጠባብ ዳርቻ የሚያልፈው መንገድ ይዘጋ ነበር። አልቀጠለም፤ መሸሽ ጀመረ።

በ1945 ኦገስት ከላይ አውሮፕላን መጣ። የአሜሪካ ጦር ነው። አሜሪካኖች ከ1941 ጀምሮ አይስላንድ ነበሩ፤ ለጦርነት ያስፈልጋል ያሉትን ካርታ ለመሥራት አገሩን ከላይ ፎቶ ያነሡ ነበር። የግግሩ ፊት በወቅቱ የት እንደነበረ፣ ከፊቱ ያሉት ክምሮች ምን ቅርጽ እንደነበራቸው፣ ውኃው በየት በየት እንደሚፈስ፣ ሁሉም በፊልሙ ላይ ቀረ። በ1965 ሌላ በረራ ተደረገ። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ክፍል ሰዎች የሁለቱን ዓመታት ፎቶ ይዘው ሜዳው ላይ ወርደው ለኩ፤ ከዚያ ሁለት ካርታ አወጡ፤ አንዱ የ1945፣ አንዱ የ1965፣ በአንድ ዓይነት መለኪያ። ከጎን ካለው ፍያልስዮኩል ግግር ፊት ደግሞ ሮበርት ፕራይስ የሚባል የዚያው ዩኒቨርሲቲ ሰው ትንንሽ ክምሮችን ተከታትሎ አጠና።

ትንንሾቹ ክምሮች ናቸው ነገሩን የሚያጣፍጡት። አብዛኞቹ ቁመታቸው ከሰው አይበልጥም፤ ተርታቸውን ተከትለው፣ ሾጠጥ ሾጠጥ እያሉ ከግግሩ አፍ ጋር ትይዩ ተዘርግተዋል። የሚሠሩት እንዲህ ነው። ክረምት ሲገባ መቅለጡ ይቆማል፤ ግግሩ መፍሰሱን ግን አይተውም። ስለዚህ ጫፉ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይገፋል፤ ከፊቱ ያለውን ርጥብ ጭቃና ጠጠር ይከምረዋል። በጋ ሲመጣ መቅለጡ ከመፍሰሱ ይበልጥና ጫፉ ይሸሻል፤ ክምሩ ባለበት ይቀራል። በሚቀጥለው ክረምት ግግሩ እንደገና ይገፋል፤ ነገር ግን አምና ደርሶ የነበረበት አይደርስም። ሁለተኛ ክምር። እንዲህ እያለ መሬቱ ላይ በየዓመቱ አንድ መስመር ይሰምራል።

ይህ «በየዓመቱ አንድ» የሚለው አባባል መላምት ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው የአየር ፎቶው ነው። በ1945 ፎቶ ላይ በረዶ የነበረበት፣ በ1965 ፎቶ ላይ ባዶ የሆነ መሬት አለ። በሁለቱ ፊቶች መካከል ያሉት ክምሮች በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆን አለባቸው፤ ቆጥሮ ከዓመታቱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከተረጋገጠ በኋላ በክምርና በክምር መካከል ያለው ርቀት ራሱ ማስረጃ ይሆናል፤ ሰፊ ከሆነ ሞቃት በጋ ነበር፣ ጠባብ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ። የአየር ጠባይ ጣቢያ ያልነበረበት ሜዳ በራሱ እጅ የጻፈው መዝገብ ነው።

ፎቶዎቹ ሌላም የሚያጋልጡት አለ። በ1945 ከፍ ብሎ የሚታይ አንዳንድ ኮረብታ በ1965 ወርዷል። ማንም አልናደውም። ውስጡ በረዶ ነበር፤ ላዩን የለበሰው ጠጠር ከሙቀት ሲጠብቀው ቆይቶ በመጨረሻ ቀልጦ ኮረብታው ተቀመጠ። ግግሩ ከሄደ በኋላም መሬቱ ለዓመታት ቅርጹን ይለዋውጣል ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ጉብኝት ይህን ማወቅ አይቻልም።

ትልቁ ነገር ግን ከውኃ በታች ነው። በ1930ዎቹ ግግሩ ሲሸሽ ፊቱ ላይ ትንሽ ኩሬ ተፈጠረ። ኩሬው አደገ። ዛሬ ዮኩልሳውርሎን ይባላል፤ በአይስላንድ ከሁሉ የጠለቀው ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ240 ሜትር ይበልጣል። የበረዶ ተራሮች ይንሳፈፉበታል፤ ጄምስ ቦንድ ሳይቀር እዚያ ሄዶ ፊልም ሠርቷል። ቱሪስቱ የሚያየው ሰማያዊውን በረዶ ነው። ከሥሩ ያለው ጉድጓድ ግን ከዚያ ይበልጥ ይገርማል። ሄልጊ ብዮርንሶን የሚባለው አይስላንዳዊ የግግር ሊቅ በ1996 እንዳሳየው፣ ግግሩ በትንሹ የበረዶ ዘመን እየገፋ በመጣባቸው ጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ከሥሩ ያለውን ልል ደለል ጠርጎ 20 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 300 ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሯል። ያ ሁሉ አፈር ወደ ባሕር ሄዷል። መልክዐ ምድር ለመለወጥ ሚሊዮን ዓመት ያስፈልጋል ብሎ የተማረ ሰው ይህን ቁጥር ሁለት ጊዜ ማንበብ አለበት።

ሐይቁ በተራው ሌላ ሥራ ጀምሯል። ግግሩ የሚያወጣው አሸዋና ጠጠር ቀድሞ በወንዙ ወደ ባሕር ወርዶ ዳርቻውን ይሞላ ነበር፤ አሁን ሐይቁ ውስጥ ይሰምጣል። ማዕበሉ ከዳርቻው የሚወስደውን የሚተካ የለም። ስለዚህ ባሕሩ ወደ ውስጥ እየበላ፣ በ1967 ወደ ተሠራው የዋናው መንገድ ድልድይ እየተጠጋ ነው። የመንገድ መሐንዲሶች የግግሩን ታሪክ ማወቅ የግድ ሆኖባቸዋል።

ከጠፍጣፋ ፎቶ ቁመት እንዴት እንደሚወጣ ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም። ካሜራ የተሸከመው አውሮፕላን ቀጥ ብሎ እየበረረ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀዳሚው ጋር ከግማሽ በላይ እንዲደራረብ አድርጎ ያነሣል። አንዱ ኮረብታ በሁለት ፎቶ ከሁለት ቦታ ታየ ማለት ነው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርገው በስቴሪዮስኮፕ ሲመለከቱ፣ የግራ ዐይን የግራውን፣ የቀኝ ዐይን የቀኙን ያያል፤ መጀመሪያ ምስሉ ይደበላለቃል፣ ዐይንን ያደክማል፤ ድንገት ሞሬይኑ ከወረቀቱ ላይ ተነሥቶ ይቆማል። የካርታ ሥራ ባለሙያዎች ለብዙ አሥርተ ዓመታት በዚህ መንገድ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የከፍታ መስመር ሲስሉ ኖረዋል። ዛሬ ይህን ኮምፒዩተር ይሠራዋል። በብዙ ፎቶዎች ላይ አንድ ዓይነት ነጥቦችን በሺህ እየፈለገ ካሜራው የት እንደነበረና መሬቱ ምን ያህል ከፍ እንደሚል በአንድ ላይ ያሰላል። የማይንቀሳቀሱ የዐለት ጫፎች ቁመት ከዘመናዊ ልኬት ይወሰዳል፤ በዚያ የድሮው ምስል ይታሰራል። ከዚያ የዛሬውን ቁመት ከድሮው መቀነስ ነው።

በዚህ ዘዴ የተሠራው ትልቁ ሥራ በስቫልባርድ ላይ ያለው ይመስለኛል። በ1936 እና በ1938 ኖርዌጂያኖች ካርታ ለመሥራት ደሴቶቹን ከባሕር ኃይል አውሮፕላን ላይ ሆነው አነሡ። ካሜራው ቀጥታ ወደ ታች ሳይሆን ጋደል ብሎ ወደ ጎን ነበር የሚያየው፤ ስለዚህ በአሮጌው ዘዴ አስቸጋሪ ነበር። በ2022 ኤሚሊ ጌይማንና ባልደረቦቿ በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት 5,507 ፎቶዎችን ተጠቅመው የ1,594 ግግሮችን የ1930ዎቹ ቁመት መልሰው ገነቡ። ያለፈውን ከሙቀትና ከዝናብ ልዩነት ጋር አገናኝተው ሲያሰሉ፣ በዚህ ክፍለ ዘመን የስቫልባርድ በረዶ የሚቀንስበት ፍጥነት ከ1936 እስከ 2010 ከነበረው ከእጥፍ በላይ እንደሚሆን ገምተዋል።

ስቫልባርድ የጥንድ ፎቶን ወጥመድም በደንብ ያሳያል። እዚያ ያሉ ብዙ ግግሮች ለአሥርተ ዓመታት ተኝተው ይቆዩና፣ የአየር ጠባዩ ሳይጠራቸው፣ ከሥራቸው ውኃ ሲጠራቀም በድንገት ይገሠግሣሉ። ብሮስቬልብሬን የሚባለው በ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 20 ኪሎ ሜትር ወደ ባሕር ወጣ። አንድ ፎቶ ከዚያ በፊት፣ አንድ ፎቶ ከዚያ በኋላ የያዘ ሰው ዓለም እየቀዘቀዘች ነው ሊል ይችል ነበር። ከግሥገሣው ማግሥት ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለውን ጥንድ የያዘ ደግሞ መሸሹን ሁሉ ለሙቀት ይሰጣል። ሁለቱም ይሳሳታሉ።

በግሪንላንድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፤ የዚያኛው መነሻ ደግሞ የድንበር ክስ ነው። ዴንማርክና ኖርዌይ ምሥራቅ ግሪንላንድ የእኔ ነው በሚል ሄግ ፍርድ ቤት ቆመው ሳሉ፣ በ1932 እና በ1933 የታወቀው አሳሽ ክኑድ ራስሙሰን «የቱሌ ጉዞ» ከሚባሉት አሰሳዎች ሰባተኛውን መራ። ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ዳርቻውን ለካርታ ፎቶ አነሡ። አገርን መለካትና መሰየም የባለቤትነት ማስረጃ ነውና ነገሩ ከፖለቲካ የጸዳ አልነበረም። በኤፕሪል 1933 ፍርዱ ለዴንማርክ ሆነ፤ ራስሙሰን በዚያው ዓመት መጨረሻ ታሞ ሞተ፤ ፎቶዎቹ ዴንማርክ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ።

ብዙ አሥርተ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንደርስ ብዮርክና ባልደረቦቹ አወጧቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ፎቶዎችና ከኋለኞቹ የሳተላይት ምስሎች ጋር አስተያይተው በደቡብ ምሥራቅ ግሪንላንድ የሚገኙ 132 ግግሮችን ተከታተሉ፤ ውጤቱ በ2012 ታተመ። በ1930ዎቹ ግግሮቹ በፍጥነት ሸሽተዋል። ከ1940ዎቹ በኋላ ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ ቆመዋል፣ አንዳንዶቹም ወደ ፊት መጥተዋል። ከ2000 ወዲህ እንደገና ሸሽተዋል። ልዩነቱ ደግሞ አለ፤ ጫፋቸው መሬት ላይ ያለው በ1930ዎቹ ይበልጥ ፈጥነው ሲሸሹ፣ ጫፋቸው ባሕር ውስጥ ያለው በአሁኑ ጊዜ ይፈጥናሉ። የአየር ንብረት ለውጥን የሚክዱ ሰዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘው ሊሮጡ ይችላሉ። ሙሉውን ላነበበ ግን ጥናቱ የሚለው ግግር በረዶ ለሙቀት ምን ያህል ፈጥኖ ምላሽ እንደሚሰጥ ነው።

ሌላ ቡድን ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ከተነሡ የግሪንላንድ የአየር ፎቶዎች ላይ ከላይ የነገርኳችሁን የሸለቆ ግድግዳ መስመር እየተከተለ ለካ። መስመሩ በትንሹ የበረዶ ዘመን በረዶው የደረሰበት ቁመት ነው። ከዚያ እስከ ዛሬ የጎደለው ተሰልቶ፣ የግሪንላንድ የበረዶ ክዳን ከ1900 እስከ 2010 የዓለምን ባሕር 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እንዳደረገ በ2015 ታወቀ። በ1900 ግሪንላንድን ከሰማይ ያነሣ ማንም አልነበረም፤ መሬቱ ራሱ ምልክቱን ይዞ ስለቆየ ነው።

የኢትዮጵያ ተራሮች ይህን ምልክት ይዘው የቆዩት ለእጅግ ረጅም ጊዜ ነው። ዛሬ በአገራችን ግግር በረዶ የለም፤ ራስ ደጀን ላይ አልፎ አልፎ የሚጥለው በረዶ ሰንብቶ አይከርምም። ነገር ግን በሰሜን ተራሮች፣ በአርሲና በባሌ ከፍታዎች ላይ ሞሬይን አለ። በባሌ ብቻ ቢያንስ 180 ስኩዌር ኪሎ ሜትር መሬት በግግር ተሸፍኖ እንደነበረ በ2005 የወጣ ጥናት ያመለክታል። ከጎባ ወደ ደሎ መና በሳነቴ አምባ የሚያልፍ መንገደኛ ከመኪናው መስኮት የሚያያቸው ግዙፍ ድንጋዮች ከፊሎቹ የዚያ ዘመን ተሳፋሪዎች ናቸው።

ከሳነቴ አምባ ላይ ደግሞ በእግር ሲሄዱ ተራ የድንጋይ ክምር የሚመስሉ፣ ከሳተላይት ምስል ላይ ግን ተራራውን ቁልቁል የተሰመሩ ረጃጅም ትልሞች ሆነው የሚታዩ የድንጋይ መስመሮች አሉ። አንዳንዶቹ 1,000 ሜትር ያህል ይረዝማሉ። መሬቱ በተደጋጋሚ እየቀዘቀዘና እየቀለጠ ድንጋዩን ከአፈሩ ለይቶ የሠራቸው ናቸው። አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ እነዚህንም፣ ሞሬይኖቹንም አጥንተዋል። በሞሬይኑ ድንጋዮች ላይ የጠፈር ጨረር የሚያጠራቅመውን የክሎሪን ዓይነት ለክተው፣ ድንጋዩ ከበረዶው ከወጣ ስንት ዘመን እንደሆነው አሰሉ። የደቡብ ኢትዮጵያ ግግሮች ከሁሉ የሰፉት ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ነው፤ ዓለም በጠቅላላ በረዶዋ ከሁሉ ከበዛበት ጊዜ ቀደም ብሎ ማለት ነው። የሙቀቱ ልክ ከዛሬው ከ4.4 እስከ 6 ዲግሪ ዝቅ ያለ ነበር።

ሰውም ነበረበት። ፊንጫ ሃበራ በሚባል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ ባለ የዐለት መጠለያ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይመላለሱ እንደነበር በ2019 ሳይንስ መጽሔት ላይ ታትሟል። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆነውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ከግግሩ አጠገብ ወጥተው ያመጡ ነበር። ከግግሩ የሚቀልጠው ውኃ ሳያስፈልጋቸው አልቀረም።

ባሌ ላይ የአየር ፎቶ ሊሰጠን የሚችለው የበረዶውን መሸሽ አይደለም፤ ያ ካለቀ ቆይቷል። ከግግሩ በኋላ በዚያው መሬት ላይ የሆነውን ነው፤ የሞሬይኑን መሸርሸር፣ የአስታ ቁጥቋጦውን መስፋትና መጥበብ፣ የመንገዱንና የጎጆውን መበርከት። ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚሆን ማኅደር አገር ውስጥ አለ። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1935 እስከ 1941፣ በካርታ ሥራ ክፍላቸው ያስነሡት ፎቶ በኢትዮጵያ ካርታ ሥራ ድርጅት መጋዘን ተገኝቷል፤ 8,281 ጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ፣ በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሦስቱ ወደ ጎን የተነሡ አራት ፎቶዎች። አንሺዎቹ ጦርነት ላይ ነበሩ። የቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲው ያን ኒሰንና የኢትዮጵያ ባልደረቦቹ ስለ ግኝቱ በ2016 የጻፉ ሲሆን፣ ፎቶዎቹ እስካሁን ይበልጥ ያገለገሉት የሰሜኑን ደንና የአፈር መሸርሸር ለማጥናት ነው። ከእነዚህ በኋላ ደግሞ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአሜሪካኖች እገዛ የተነሡ አሉ።

ፎቶው እስከ ዛሬ መኖሩ ነገም ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም። የብርጭቆ ኔጋቲቭ ይሰበራል። ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በብዛት የተሠራበት የአሲቴት ፊልም ደግሞ ከውስጡ ይበላሻል፤ ሲጀምረው ጣሳው ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ይወጣል፣ ከዚያ ፊልሙ ይኮማተራል፣ ምስሉ ይጨማደዳል። ከተኮማተረ በኋላ በኮምፒዩተር ቢነበብም የቁመት ልኬቱ አይታመንም፤ በግግር ጥናት አንድ ሚሊ ሜትር የፊልም መዛባት መሬት ላይ ብዙ ሜትር ነውና። ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ብልሽቱን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ በዙሪክም፣ በኮፐንሃገንም፣ በአዲስ አበባም ያለው ሥራ አንድ ነው፤ ሽታው ሳይመጣ ስካን ማድረግ።